የባላምባራስ ወንድይራድ ስም የተጠራ ዕለት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ምኞት፤
ጋምቤላ

እንደምን ሰነበትሽልኝ እትዬዋ? ጉልበትሽስ? ያ ሲመሽ የሚነዝርሽ እግርሽ ለቀቅ አደረገሽ ወይ? ሙቀቱን እንዴት ቻላችሁት? ጋሽ የማነ የግፊት መድኃኒታቸውን እንደ ሰው ይውጣሉ ወይስ አሁንም «ዛሬ ደህና ነኝ» እያሉ ይዘሉታል? ልጆቹስ? ያቺ ዶሮ ስታባርር የምትውለው ትንሿ የልጅ ልጅሽስ ጥርስ አወጣች? እኔ በአንቺ ናፍቆት ካልሆነ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን ነው። ሐሴትም ደህና ናት። ደህና ናት ስልሽ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሥራ ትሄዳለች ማለቴ ነው። የሆዷን ግን እዚሁ ወረቀት ላይ ታገኚዋለሽ።

ባለፈው ስደውልልሽ «የባንዳ ዘር የእማማ ዘርፌን ደጅ አይረግጥም» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። አልተቀየምኩሽም፣ በሞቴ አልተቀየምኩሽም። መልሼ ልደውል ስልኩን አነሳና አስቀምጠዋለሁ። አንቺ ስትቆጪ እኔ ይኼን የሚያህል ሽበት ይዤ ልጅ እሆናለሁ፤ አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ፤ ወረቀት አይዘጋም። ይህን የምታደርስልሽ ሰዓዳ የጎረቤቴ የከሪማ ልጅ ናት፤ አስተማሪ ሆና እናንተ ዘንድ ተመድባ ነው የምትመጣው። ቀጭን ናት፤ ደህና አድርገሽ አብያት። ይህን ሳትጨርሺ ግን አትቁረጪብኝ፣ በእማዬ አጥንት ይዤሻለሁ።

ነገሩ እንደምታውቂው ነው። ልጄ ሐሴት ሚናስን ትወደዋለች፣ እሱም ይወዳታል። አባቷ ከሞተ፣ እማዬም ካረፈች ወዲህ የቤታችን እሺም እምቢም ያንቺ ነው፤ ማንም ነጥቆሽ አያውቅም፣ ዛሬም አይነጥቅሽም። ሐሴት ራሷ «ትልቋ እማዬ እምቢ ካለች እተወዋለሁ» ብላኛለች። ይህን ስትለኝ አላለቀሰችም። ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፣ መተኮሷን ቀጠለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር እትዬ።

ፒያሳን ብታያት ደንግጠሽ ወደ መጣሽበት ትመለሻለሽ። ያኔ ሁለት ሰው ተላልፎ የማያልፍበት ጠባብ መንገድ ሁሉ ሰፊ ሆኗል፣ አምፖሉ ከቀን ይልቅ ያበራል። ግማሹ ሰፈርተኛ ርቆ ሄዷል። እኛ ያለንበት ወገን ግን አለ፤ የክርና የቁልፍ ሱቄም አለች፤ የከሪማ ጨርቅ ቤትም ከጎኔ አለ። ባሏ አብዱልመሊክ አሁንም ጠዋት ጠዋት የእኔን መዝጊያ ቀድሞ ከፍቶልኝ ነው የራሱን የሚከፍተው።

የእማማ ዘርፌን ታሪክ መጽሐፍ አድርጌ የጻፍኩት እዚያች ሱቅ ውስጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። ደንበኛ ሲጠፋ ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ እጽፋለሁ፤ አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ ለከሪማ አነብላታለሁ። ታሪኩን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ከእማማ ዘርፌ ጉያ ተኝተሽ ያደግሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ የሰማሁት ከእማዬ አፍ ነው። ቢሆንም እኔ እንዴት እንዳኖርኩት ልንገርሽ፣ ያለዚያ ያጠፋሁት አይገባሽም።

አያታችን ዘርፌ ልጃገረድ ሳለች፣ ጣልያን ከተማዋን በያዘ ጊዜ፣ አራዳ ውስጥ የሚፈራ አንድ አስተርጓሚ ነበር፤ ባላምባራስ ወንድይራድ ወልደገብርኤል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። «ሲጮህ ሰምቼው ቢሆን ባልፈራሁት» ትል አልነበር እማማ ዘርፌ? ሰው ሲያስይዝ እንኳ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ትንሽ ላስቸግርዎ» ይል ነበር አሉ። ጊዮርጊስ ስታስቀድስ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል። አያናግራትም። እስከ ደጇ ድረስ ከኋላዋ ይሄዳል፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳና ይመለሳል። የተናገረው አንድ ቀን ብቻ ነው። «አባትሽ እሺ ብለዋል» አላት። አባቷ እሺ ያሉት ታስረው ሲፈቱ ነው፤ ከእስር ቤት ሲወጡ ጥርሳቸው ግማሹ አልነበረም።

አያታችን አባባ ሀብቴ ደግሞ ያኔ በአንድ አርመን ሱቅ በረንዳ ላይ በእግር መኪና የሚሰፋ ወጣት ነበር። እሱና ዘርፌ ይዋደዳሉ። ባላምባራሱ ይህን ያውቃል። አወቀ፣ ግን አላሰረውም። አንድ ቀን ጥቁር ከፋይ ይዞለት መጣና «የሠርጌን ካባ አንተ ትሰፋልኛለህ፤ ካንተ የሚበልጥ እጅ የለም ይሉኛል» አለው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ለልክ ይመጣል፤ ክንዱን ዘርግቶ ይቆማል። አባባ ሀብቴ ሜትሩን ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ «እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል? ለሙሽራ ደስ ይበልህ እንጂ» ይለዋል። እዚህ ላይ ስደርስ ከሪማ ተነስታ ቆመች። «ሜትሩ እጁ ላይ ነው አይደል? ምን ይጠብቃል? አንገቱ ላይ አዙሮ አይስበውም?» ብላ ጮኸችብኝ፣ ደንበኛ ሁሉ ዞሮ አየን።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ካባው ባለቀ ዕለት አባባ ሀብቴ ለባለቤቱ አላስረከበውም፤ ዘርፌን አለበሳት። ባላምባራሱ ገና ሳይሰፋ ጀምሮ ያወራለት ስለነበር ያን የወርቅ ጥልፍ የማያውቅ ዘበኛ አልነበረም። በጉለሌ በኩል ያለው ኬላ ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ሙሽሪት ናት ብሎ እጅ ነስቶ አሳለፋቸው። አባባ ሀብቴ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ እንደ አሽከር አንገቱን ደፍቶ አለፈ። በእውነቱ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ምን እንደሆነ እማማ ዘርፌም እማዬም አያውቁም ነበር። እኔ ግን እንዴት ብዬ ዝም ልበለው? በፈረስ አስከትዬ እንጦጦ ገደል ከተትኩት። ከሪማ ያን ዕለት ምሳ ጋበዘችኝ።

አሁን ጥፋቴን ስሚ። የሁሉንም ሰው ስም ለወጥኩ፤ የዘርፌን፣ የአባባ ሀብቴን፣ የአርመኑን ሳይቀር። የእሱን ብቻ ተውኩት። ሌላ ስም ብሰጠው ባላምባራሱ እጄ ላይ ሞተ፤ አላስፈራ አለኝ፤ ወንድይራድ ስለው ግን ብዕሬ ራሱ ይቀዘቅዛል። ደግሞ ማን ያውቀዋል ብዬ ነው። በእኛ አገር የቅድመ አያቱን ስም ይዞ የሚዞር ማን አለ? መታወቂያሽ ላይ ያለው የራስሽ፣ የአባትሽ፣ የአያትሽ ስም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ይጠፋል። እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም የለን። ዘር ተክቶ እንኳ ቢሆን ልጆቹ በየት ይታወቃሉ አልኩ። ይህን ስል ሽማግሌ ሲገባ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር ጨርሶ ትዝ አላለኝም። የስንቱን ልጅ ሲያስቆጥሩ ቁጭ ብዬ እሰማ የነበርኩ ሴትዮ!

ሚናስ ወደ ቤታችን የመጣው በመጽሐፉ ነው። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ አንድ ጠባብ ክፍል አለችው፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለጥፏታል፤ እዚያ ተቀምጦ መጽሐፍ እየተረከ በኢንተርኔት ይለቃል። ፈቃድ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ሐሴት ክፍሉን ልታይ ሄደች፤ መጀመሪያ ያለችው «ይህን ሁሉ እንቁላል ብቻህን ነው የበላኸው?» ነው። እሱም ፊቱ ቀልቶ «ጎረቤት አግዞኛል» አላት። በዚያው ቀሩ። ትረካውን አንቺም እዚያ ሆነሽ ሰምተሽዋል። ባላምባራሱ «ትንሽ ላስቸግርዎ» የሚልበት ቦታ ላይ ደርሰሽ እያለቀስሽ ደውለሽልኝ «እንዲህ ነበር የምትነግረኝ፣ ልክ እንዲህ ቀስ ብሎ፤ ይህ ልጅ ከየት አመጣው?» ያልሽኝን ረሳሽው? እኔም ለልጁ ነገርኩት። ደስ አለውና ሳምንቱን ሙሉ እየተጎማለለ ሰነበተ።

ሽማግሌ የገባው ጥቅምት ጊዮርጊስ ዕለት ነው። በእነሱ ወገን አባቱ አቶ ፍቅሬ ከሁለት ሽማግሌ ጋር መጡ። አቶ ፍቅሬ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ፤ የልጃቸውን ትረካ አንዲት ቀን ሰምተው አያውቁም፤ ጆሯቸው ለኳስ ብቻ ነው። በእኛ ወገን የነፍስ አባታችንና አብዱልመሊክ ተቀመጡ። አብዱልመሊክ ለዚህ ብሎ አዲስ ኮት ገዝቷል፣ እየደጋገመ እጅጌውን ያያል። ሁሉም ነገር በወጉ ሄደ። ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ ከየት መጣችሁ፣ ለምን መጣችሁ፣ ያው የምታውቂው ነው። የነፍስ አባታችን «እንግዲህ ዘመድ እንዳንሆን እንቁጠር፤ በወንድ ልጁ በኩል፣ በአባት ጀምሩልን» አሉ።

አቶ ፍቅሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚናስ ፍቅሬ። እኔ ፍቅሬ ጌታነህ። አባቴ ጌታነህ ወንድይራድ። አያቴ ባላምባራስ ወንድይራድ ወልደገብርኤል፤ እዚሁ አራዳ ትልቅ ሰው ነበሩ ይባላል» ብለው፣ ኩራት ቢጤም ጣል አድርገውበት፣ ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ በበሩ በኩል ትሪ ይዛ የቆመችው ከሪማ «ወላሂ!» አለች። ትሪው ወደቀ። ጓዳ በር ላይ የቆመችውን ሐሴትን አየኋት፤ ግድግዳውን ይዛ ነበር።

ምስኪን አቶ ፍቅሬ ቆጠራው ሲቆም ሌላ ነገር መሰላቸው። «ምነው፣ ዘመድ ሆንን እንዴ?» አሉ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። አብዱልመሊክ ነው አንገቱን ሰብሮ «ዘመድስ ብንሆን ይቀል ነበር አቶ ፍቅሬ» ብሎ፣ እጃቸውን ይዞ ወደ ውጭ አውጥቶ የነገራቸው። በመስኮት አየኋቸው፤ ያ ሳቂታ ሰው የግቢው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። እንደዚያ ሆነው ሳያቸው አንጀቴን በሉት፤ ቢሆንም ተነስቼ ግቡ አላልኳቸውም። ደሜ ፈልቶ ነበር። ለአንቺ የደወልኩልሽ በዚያው ሰዓት ነው፤ አንቺም ያልሽውን አልሽ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያን ዕለት እኔም ካንቺ ጋር ነበርኩ።

በማግስቱ ሚናስ ሱቄ መጣ። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም። «ትረካውን ከሥሩ ላጥፋው፤ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለኝ። ለምን አልኩት። «ከአያቴ ወዲያ ያለውን ስም አላውቅም ነበር። ያንን ድምፅ አልፈለግኩትም ነበር እኮ፤ አፌን ስከፍት እራሱ መጣልኝ። አሁን ከየት እንደመጣ ሳውቅ እራሴን ፈራሁት። እናንተም ብትፈሩኝ አልቀየምም» አለና ዓይኑ ሞላ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ልጅ ክርና ዚፕ መሃል ቆሞ ሲያለቅስ ምን ይባላል? ሐሴት ከመጋረጃው ኋላ ሆና ስትሰማ ኖሮ ወጣች። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ አለ፣ እናቴ አለች አላለችም። «አንተ በዚህ ድምፅ የምትነግረኝን እሱ ለማንም ተናግሮ አያውቅም» አለችው። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ገና ያኔ ነው ልቤ መሸነፍ የጀመረው፤ ግን አሁንም እማማ ዘርፌ ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። ስልኩን ባትዘጊው ኖሮ ኋላ ደውዬ ልነግርሽ የነበረው ይህን ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንዲት ባልቴት ከዘራ ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ብቻቸውን ከታክሲ ወረዱ። እማማ አፀደ ይባላሉ። የአቶ ፍቅሬ አክስት ናቸው፤ የባላምባራስ ወንድይራድ የገዛ ልጅ። እትዬ፣ የእሱ ልጅ! ተቀመጡ ማለት አቃተኝ። እሳቸው ግን ሳልጋብዛቸው ያቺን የደንበኛ ዱካ ስበው ተቀመጡና «አንቺ ነሽ የዘርፌ ልጅ ልጅ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። ፊቴን አዩኝ፣ አዩኝ፤ «እኔ ዘርፌ የሚለውን ስም የማውቀው በዱላ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘርፌ ያመለጠች ዕለት ድግሱ ተደግሷል፣ ጠጁ ተጥሏል፣ ጣልያኖቹ ሳይቀሩ ተጠርተዋል። ባላምባራሱ በሰው ፊት መሳቂያ መሆንን አይወድም። ድግሱ እንዳይቀር በዚያው ሳምንት ሌላ ልጅ አመጣ። የሺ ትባላለች፤ አራዳ ገበያ ከእናቷ ጋር ጌሾ ልትሸጥ የመጣች የገጠር ልጅ። ጡት እንኳ በወጉ ያላወጣች። ለዘርፌ የተሰፋውን ቀሚስ አለበሷት፤ ረዝሟት ስለነበር ከታች አጥፈው ሰፉላት። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሲከፋው፣ ሥራው ሲበላሽበት፣ ወጥ ሲቀጥንበት ያቺን ልጅ በስሟ አይጠራትም፤ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘርፌ፣ ነይ እስቲ ትንሽ ላስቸግርሽ» ይላታል። እማማ አፀደ ይህን ሲነግሩኝ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ልጆቹ ዘርፌ የሚለውን ስም ሲሰሙ አልጋ ሥር ይገባሉ።

ገደል አልገባም እትዬ። ጣልያን ሲወጣ ጥቂት ተሸሽጎ ሰነበተና ኋላ ይቅር ተባለ፣ መሬትም አገኘ፣ ሸብቶ አልጋው ላይ ሞተ። ዓይኑን የጨፈነችለት የሺ ናት። ይህን ከሪማ ስትሰማ ትተፋለች ብዬ ነበር፤ ጨርቅ ቤቷ በር ላይ ቆማ እንባዋን ጠረገች።

የእኛዋ ባመለጠች የእነሱዋ ተያዘች ማለት ነው። እኛ ቤት በየበዓሉ የምንስቅበት የካባ ታሪክ እዚያ ቤት እንዲህ ሆኖ ኖሯል። «እናትዎ ዘርፌን ምን ያህል ረግመዋት ይሆን» አልኳቸው። እማማ አፀደ ደነገጡ። «ረግማ? እናቴ?» አሉኝ። የሺ ሌሊት ልጆቿን አቅፋ ሲያለቅሱባት ምን ትላቸው እንደነበር ነገሩኝ፦ «ዝም በሉ፤ ዘርፌ ዛሬ የሆነ ቦታ በሰላም ተኝታለች። አንዳችን እንኳ አምልጠናል» ትላቸው ነበር። እስክትሞት ድረስ በጸሎቷ ስሟን አልተወችም። ለምታውቃት ሴት እንኳ አልነበረም፤ ዓይኗን አይታት አታውቅም።

ከዚያ እማማ አፀደ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ የመጡትም ለዚህ መሰለኝ። «እናቴ ልትጠይቅ ትፈልግ ነበር፤ እኔ ልጠይቅላት። ዘርፌ ተኝታ አደረች ወይ?» አሉኝ። እትዬ፣ ይህን አንቺ ብትመልሽላቸው እንዴት በወደድኩ! በሩን በጀርባዋ አድርጋ እንደማትቀመጥ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወንድ ሲመጣ ጓዳ እንደምትገባ አንቺ ታውቂያለሽ። መዋሸት አልቻልኩም። «ጥሩ አድርጋ አልተኛችም እማማ። ስትስቅ ግን እስከ ታችኛው ሰፈር ይሰማ ነበር» አልኳቸው። እሳቸውም «ይበቃል። ይኼም ይበቃል» ብለው እጄን ሳሙት። የእኔን እጅ! እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ፣ ከሪማ መጥታ አነሳችን፣ ሦስት ሴቶች ክር ቤት ውስጥ ስንነፋረቅ ሰው በመስታወት ያየናል።

ሲነሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጁን ካልወደዳችሁት ከልክሉት፤ መብታችሁ ነው። በአባቴ ምክንያት ከሆነ ግን አትከልክሉት። እኛም ከእሱ ያመለጥን ነን፤ ዘግየት ብለን ነው እንጂ።»

እንግዲህ እትዬዋ፣ የሆዴ ይህ ነው። ሌሊት ሌሊት ሳስበው ሰነበትኩ። ያኔ ማን ማንን እንደሚያገባ እኔ ነኝ የምወስነው ብሎ የተነሳው እሱ ነው። እማማ ዘርፌ ነፍሷን በካባ ጠቅልላ የወጣችው ይህን እንዳይወስንባት ነው። ዛሬ ሐሴትን የምትወደውን ተይ ካልናት፣ የምትተወው በማን ቃል ነው? በእኔ አይደለም፣ ባንቺም አይደለም። በእሱ ነው። እማማ ዘርፌን ማስቆም ያቃተው ሰው የልጅ ልጇን ልጅ በእኛ እጅ ያስቁምብን? ይህን ሳስብ ነው ልቤ ከሚናስ ጋር የሆነው። አንቺን ለመጫን አይደለም። እማማ ዘርፌ ሌሊት ስትቃዥ የሰማሻት አንቺ ነሽ፤ ፍርሃቷን ከእኔ ይልቅ ወርሰሻል። ልብሽ እምቢ ካለ እምቢ በይ፤ ሐሴት ትታዘዛለች፣ እኔም ሁለተኛ አላነሳብሽም።

እሺ ካልሽ ግን ሽማግሌዎቹ ከገና በኋላ ይመለሳሉ፣ ቆጠራውም ካቆመበት ይቀጥላል፤ በእናቶችም በኩል ይቆጠራል ብያለሁ፤ የሺ ስትጠራ ቆሜ ነው የምሰማው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል፣ አንቺ ካልመጣሽ ደግሞ አይሆንም። መጽሐፉም እንደገና ሲታተም ገደሉን አውጥቼ የሺን አስገባለሁ። እማማ አፀደ ስሟ ሳይለወጥ ይግባ ብለውኛል።

ጋሽ የማነን አንገታቸውን አቅፌ ሰላም ብያቸዋለሁ፣ መድኃኒቱንም ይዋጡ። ልጆችሽን በየስማቸው፣ ትንሿን ዶሮ አባራሪ ጉንጯን ሳሚልኝ። ከሪማና አብዱልመሊክ ሰላም ይሉሻል፤ ከሪማ «ወንዙ አጠገብ ልጄን እንዳታስጠጋብኝ» በያት ብላለች። የነፍስ አባታችን ይባርኩሻል። ሐሴት እጅሽን ትስማለች፤ ሌላ ምን ልጻፍልሽ ብላት ምንም አለችኝ።

ሚናስ ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ ምን አንጀት አለውና! እኔ ግን በገዛ ሥልጣኔ ከቤቱ ሰዎች ጋር ደምሬ፣ ሚናስም ሰላም ይልሻል ብያለሁ። በመልስሽ ላይ ስለሆነው ሁሉ ለመጻፍ አትድከሚ። እንደ ልማድሽ መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዳችን በስማችን ሰላም በይን፤ እኔ ወረቀቱን ከታች ነው የምጀምረው፣ የእሱን ስም ፍለጋ።

እስከ ሞት የማልለይሽ ታናሽሽ፣
ትርሲት

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.